ፖስታ ቤቱ የማን ነው?

ጎንደር ፒያሳ ላይ እንግዳ ይዞ ቡና የሚጠጣ የአገሬ ሰው ስለ ነገሥታቱ ግቢ ሲያወራ አይደክመውም። የእንቁላል ግንቡን፣ የኢያሱን ቤተ መንግሥት፣ የአንበሶቹን ቤት፣ የጥምቀተ ባሕሩን ነገር እየጠቆመ ይተርካል። እንግዳው ድንገት አንገቱን አዙሮ ዐደባባዩ ላይ የቆመውን ፖስታ ቤት «ይኼኛውስ የማን ነው?» ያለው እንደሆነ ግን መልሱ ሁለት ቃል ነው፤ «የጣሊያን ነው።» ከዚያ ወሬው ወደ ፋሲል ይመለሳል።

የኮሪደር ልማቱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎንደርም ከገባ ወዲህ ያቺ የሁለት ቃል መልስ አድጋ አቋም ሆናለች። በሻይ ቤትም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በባጃጅ ውስጥም የምሰማው ያንኑ ነው። ቅርስ ማለት አባቶቻችን ያቆሙት ነው፤ ወራሪ ያቆመው የውርደት ሐውልት ነው፤ ቦታው ወርቅ ነው፤ ይፍረስና ፎቅ ይቁምበት። ይህን የሚሉት ለታሪክ ደንታ የሌላቸው ሰዎች ቢሆኑ ዝም ባልሁ። ነገር ግን የአርበኛ ልጆች ይሉታል። ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህራን ይሉታል። አገራቸውን ከእኔ አሳንሰው የማይወዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ላለማክበር ሳይሆን ላለመስማማት እጽፋለሁ። «የጣሊያን ነው» የሚለው መልስ ሐሰት ነው። ጣሊያን አዘዘው እንጂ ብቻውን አልተሸከመውም።

መቼም ታሪኩን ሳያነሡ መከራከር አይቻልም። አኪሌ ስታራቼ የሚመራው ጦር ከአስመራ ተነሥቶ ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ከተማዋ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ተባለች። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ አርክቴክት ፕላን አወጣላት። ዛሬ በእግራችን የምንረግጠው ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ባንኩ፣ በየዳገቱ ተበትነው ያሉት ቪላዎች የዚያ ዘመን ናቸው። «አውቶ ፓርኮ» የሚባለው ሰፈርማ ስሙ ራሱ ይናገራል። (ፖስታ ቤቱ ይፍረስ የሚለኝ ወዳጄ ሁልጊዜ «ፒያሳ እንገናኝ» ነው የሚለኝ። ስሙን በየትኛው ዶዘር ሊያፈርሰው እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።)

ፕላኑ ስለ ውበት ብቻ አልነበረም። ከፍ ያለው፣ ነፋሻው፣ ቁልቁል የሚያሳየው ቦታ ለገዢው ተመደበ። ተወላጁ ከነገበያው ራቅ ብሎ እንዲሰፍር ታሰበ። እ.ኤ.አ. በ1937 አንድ ጣሊያናዊ ከተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት የሚያስር ሕግ ያወጣ መንግሥት ነው ይህንን ፕላን የፈረመው። የዘር መድልዎ በመጽሐፍ ሲነበብ ሐሳብ ነው፤ ፒያሳ ላይ ቆሞ ሽቅብና ቁልቁል ሲያዩት ግን ዳገት ነው። ተማሪ በጉልበቱ የሚያውቀው ነገር ነው። እነዚያ ሕንፃዎች ከፈረሱ በኋላ የሚመጣ የታሪክ መምህር ልጆቹን የት ወስዶ ያሳያቸው? «እዚህ መስተዋት የለበሰው ፎቅ ያለበት ላይ በአንድ ወቅት» ብሎ ሊጀምር ነው?

አሁን ከከተማ እንውጣ። ክርክሬ ያለው ሊማሊሞ ላይ ነውና።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። እሷን አልፎ ትንሽ እንደተጓዙ ምድሩ ያልቃል። ከዚያ ወደ ዛሪማ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ፣ በራሱ ላይ እየታጠፈ፣ ገደሉን እየቧጠጠ ይወርዳል። ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ስንወርድ ፍሬኑ ጋለና የተቃጠለ ሽታ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ጥግ አስያዛት። ረዳቱ ገና ሳትቆም ዘልሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ወሸቀ። ሁላችንም ወረድን። ሴቶቹ በየእምነታቸው ተማጠኑ፤ እኔ ወደ መታጠፊያው ሥር ወርጄ መንገዱን የተሸከመውን ግድግዳ አየሁ።

ከላይ ሆነው ሲያልፉት አይታይም። ከሥሩ ሲቆሙ ግን ከሰው ቁመት በላይ የሚሄድ የድንጋይ ካብ ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ፊቱ በመሮ ተስተካክሏል። ትልልቆቹ ከታች፣ ትንንሾቹ ለመወሸቂያ። በየመሐሉ ውኃ እንዲተፋ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው አፍ ላይ አረንጓዴ ሽበት ወጥቷል። አንዱ ድንጋይ ላይ የመሮው ምት እንደ ዝናብ ጭረት በሰያፍ ተደርድሮ ይታያል፤ ግራኝ ሰው የጠረበው ይመስል ጭረቱ ከሌሎቹ በተቃራኒ ይዘምማል። እጄን አሳረፍሁበት። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ «ጣሊያን ሠራው ይሉታል» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «ጣሊያንማ ጥላ ሥር ቁሞ ነበር።»

እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን መንገድ ሥራ ላይ ከኢጣሊያ የመጡ ብዙ የቀን ሠራተኞችና ግንበኞችም ነበሩ። ያን አልክድም። ግን የዚህ አገር ሰውም፣ የኤርትራ ሰውም ድንጋይ ፈልጧል፣ አፈር ዝቋል፣ ገደል ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዳንዱ በግድ፣ አንዳንዱ ከነጩ ሠራተኛ እጅግ ባነሰ ደመወዝ። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ እኔ አላየሁም። የቀረልን ያ ጭረት ነው። አሁን «የጠላት ሥራ ነው» ብለን ስንንቀው የምንንቀው ማንን ነው? ጥላ ሥር የቆመውን ሰው አይደለም፤ እሱ ስሙ መጽሐፍ ውስጥ አለ። የምንንቀው መሮ የያዘውን ነው።

ደግሞ ያ መንገድ የሽንፈታችን ብቻ አይደለም። በዚያው መንገድ አናት፣ ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር በአርበኞች ተከብቦ ከርሞ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። ሌላው ምሽግ ቁልቋል በር የተያዘው በኅዳር። የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ከ20,000 ከሚበልጥ ጦሩ ጋር ጎንደር ላይ የተማረከው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ ከስድስት ወር በላይ አልፎ። ሙሶሊኒ በምሥራቅ አፍሪካ የዘረጋው ግዛት የመጨረሻ እስትንፋሱ የወጣው በእኛ ከተማ ነው። እነ አሞራው ውብነህ፣ እነ ቢትወደድ አዳነ መኮንን ያን ሁሉ ዓመት ጫካ የከረሙት ለዚያች ቀን ነበር። ኅዳር 18ን ከመንገድ ላይ አስቁሜ ብጠይቅ ስንት የጎንደር ወጣት ይመልስልኛል? ድሉ የት ቦታ እንደተፈጸመ የሚያሳየውን ድንጋይ እያፈረስን ድሉን እናስታውሳለን ማለት አይገባኝም።

እሺ፣ ወራሪ የሠራው ቅርስ አይባልም እንበል። እንግዲያው የአፄ ሱስንዮስን ደንቀዝ ምን እናድርገው? ጎርጎራ ያለውን የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽስ? አፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ተቀብለው አገሩን በሃይማኖት ምክንያት ያፋጁበት ዘመን ትዝታ ነው ያ ሁሉ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ የፈሰሰው ደም የገበሬ ደም ነበር። ልጃቸው ፋሲል ነግሠው ሃይማኖት ሲመልሱ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ። ዛሬ ግን አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ደንቀዝ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጮኸው ማን ነው? ይኸው «የጠላት ግንብ ይፍረስ» የሚለው ወገኔ ነው። የፋሲል ግንብ የቆመበት የኖራ ጥበብ ራሱ በዚያው በኢየሱሳውያን ዘመን እንደተስፋፋ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ይህን ስንሰማ ግንቡን አልጠላነውም። ታዲያ ደንቡ ምንድን ነው? ጠላትነት አራት መቶ ዓመት ሲሞላው ይሻራል፣ ሰማንያ ዓመት ከሆነ ግን አይሻርም? እንዲህ ያለ ሒሳብ ያስተማረን ማን ነው?

አባቶቻችን እንኳ እንዲህ አላሰቡም። ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠር አንድ የአገዛዝ ዓመት ነው። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ቀላል ነበር፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም። አልፈረሰም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አሁን ያንን ደረጃ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ዓይን ያያል፤ የትዕቢቱን ቁመትና መጨረሻው ላይ ማን እንደቆመ። እኔ በአገራችን ከዚያ የሚበልጥ ሐውልት አላውቅም። ባይኖር ኖሮ አንበሳው መሬት ላይ የተቀመጠ አንድ ተራ አንበሳ ነበር።

የማይወዱትን ሐውልት ማንሣት የማን ልማድ እንደነበረም አንርሳ። አዲስ አበባ እንደገቡ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ያወረዱት ፋሺስቶቹ ራሳቸው ናቸው። የአድዋን ትዝታ ከዐደባባይ ቢያነሡት ከልብም የሚነሣ መስሏቸው ነበር። ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ።

ወደ ዓለም ብንወጣም ይኸው ነው። ፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 እንደሆነ የጎንደር ሕፃን ሁሉ ይነግርዎታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው የዩኔስኮ ጉባኤ ከጎኑ የተመዘገበውን ግን የሚያነሣው የለም። ፖላንድ ውስጥ ያለው አውሽቪትስ ነው፤ ናዚዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የፈጁበት ካምፕ። ፖላንዶች «ጀርመን የሠራው ነው፣ ያዋርደናል» ብለው ሊያርሱት ይችሉ ነበር። ቼክ ውስጥ ደግሞ «ቀዩ የሞት ግንብ» የሚባል ባለ ቀይ ጡብ ሕንፃ አለ። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው የኮሚኒስት አገዛዝ የፖለቲካ እስረኞች ለሶቪየት ኅብረት የሚላከውን የዩራኒየም ማዕድን እየፈጩ በበርሜል የሚያሽጉበት ነበር፤ ብናኙን እየዋጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአካባቢው የማዕድን ሥፍራዎች ጋር የዓለም ቅርስ ሆኗል። ውብ ሆኖ አይደለም፤ ተራ፣ አስቀያሚ ሕንፃ ነው። ዋጋው እዚያ ውስጥ ለተንገላቱት ምስክር መሆኑ ነው። ጎረቤታችን አስመራም እ.ኤ.አ. በ2017 ስትመዘገብ መጠሪያዋ «ዘመናዊት የአፍሪካ ከተማ» ሆነ፤ ልብ በሉ፣ የጣሊያን ከተማ አልተባለችም። ኤርትራውያን የግንቡን ባለቤትነት በአንድ ቃል ወሰዱት። እኛ ግን ያለ ክርክር አሳልፈን እየሰጠን ነው። ዳሎል በረሃ ውስጥ በጨው ድንጋይ የተሠሩት የድሮ የማዕድን ሠራተኞች ቤቶች እንኳ ፈርሰው ሳያልቁ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሣቸዋል፤ ከሠራተኞቹ ስለ አንዱም የሚነግረው ጽሑፍ ሳያገኝ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ሌላው ጎራ አጨብጭቦልኝ ይሆናል፤ «ድሮስ! ጣሊያን እኮ መንገድ ሠራልን፤ ምነው አምስት ዓመት በጨመረ» የሚለው። እባክህ እጅህን ሰብስብ። ከአንተ ጋር አይደለሁም። አንተና «ይፍረስ» ባዩ በአንድ ነገር ትስማማላችሁ፤ ሁለታችሁም ግንቡን ለጣሊያን አውርሳችኋል። እሱ ጠልቶ፣ አንተ ወድደህ። ሊማሊሞ የተቆረጠው የዛሪማ ገበሬ ማሽላውን ወደ ገበያ እንዲያወጣ አልነበረም፤ መድፍና ወታደር እንዲያልፍ ነበር። «ሠራልን» የሚባል ነገር የለም። ሠራብን። ከዚያ እኛ ወርሰን የራሳችን አደረግነው፤ ገበሬው አሁን ማሽላውን ይጭንበታል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ አንድ ነው፤ እሱም ሕንፃ ሲጠበቅ የሠራውም አብሮ ይከበራል የሚለው ስጋት። ባዶ ስጋት አይደለም። ኢጣሊያ ውስጥ አፊሌ በምትባል ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2012 ለግራዚያኒ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል፤ የየካቲት 12ን ሰማዕታት ለጨፈጨፈው ሰው፣ በሕዝብ ገንዘብ። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ፖስታ ቤቱን ቢጠረጥር አልፈርድበትም። ግን ልዩነቱን እንይ። አፊሌ ላይ ወንጀሉ ተደብቆ ስሙ ተከብሯል። እኔ የምለው ስሙ ቀርቶ ወንጀሉ ይታይ ነው። አፊሌ ላሉት ሰዎች ከሁሉ የሚመቻቸው ነገር ምን ይመስልሃል? እዚህ ያለው ማስረጃ መጥፋቱ ነው። የገዳይ ጠበቃ እንኳ ያላደረገውን ኤግዚቢት የማቃጠል ሥራ እኛው በራሳችን ዶዘር ልንሠራለት ነው።

ሁሉም ነገር ባለበት ይቀመጥ እያልሁም አይደለሁም። በወረራው ዘመን የነገሥታቱን ግንብ «ጠገንን» ብለው ሲሚንቶና ቤቶን ለጥፈውበት ነበር። ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ያንን ሲሚንቶ አንሥተው በኖራ መለሱት። ትክክል ነበር፤ የሌላውን ሰው ሥራ እያበላሸ ነበርና። በሕንፃዎቹ ውስጥ የሚኖሩና የሚሠሩ ሰዎችንም ረስቼ አይደለም። ከ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የቀበሌ ቤት ሆነው የቀሩ ቪላዎች አሉ፤ አንዱ ሳሎን ሦስት ቤተሰብ የተከፈለበት፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ለማደስ ፈቃድ የሚባል ነገር ተከራዩን ዓመታት የሚያመላልስበት። ቅርስ ነው ብሎ ሚስማር እንኳ እንዳይመታ መከልከልና ውስጡ ያለውን ሰው በዝናብ ማስደብደብ ጥበቃ አይባልም። ለእድሳት የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ለጣሪያው ይሁን። ፊት ለፊቱን ቀለም ቀብቶ ከኋላው እንዲፈርስ መተውም ያው ማፍረስ ነው፣ ቀስ ብሎ መሆኑ ካልሆነ በቀር።

ሕጉ ደግሞ ከእኔ ወገን ነው። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ቅርስን የሚተረጉመው የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት በመሆኑና በሚመሰክረው ነገር ነው። ያዘዘው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። «ሥራ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በሊማሊሞ ግድግዳ ላይ ያለው እሱው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የፒያሳ ሕንፃዎችና የሊማሊሞ ግድግዳዎች ዶዘር ሳይቀድማቸው አንድ በአንድ ተቆጥረው ይመዝገቡ። በየበራቸው በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንዳዘዘው፣ ማን እንደተሸከመው፣ መቼ እንደተነጠቀ የሚል። አስጎብኚዎቻችን ከፋሲል ግቢ ሲወጡ እንግዳውን በቀጥታ ወደ ሆቴል አይውሰዱት፤ አሥር ደቂቃ ፒያሳ ላይ ያቁሙት።

ለአንባቢም አንድ አደራ አለኝ። ጎንደር ወይም ዳባት፣ ደባርቅ ወይም አዲ አርቃይ ያላችሁ፣ ወይም ወልዳችሁ ከብዳችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ፤ አያታችሁ ወይም ቅድመ አያታችሁ በዚያ መንገድ ወይም በእነዚያ ሕንፃዎች ድንጋይ የፈለጡ፣ አፈር የዛቁ ከሆነ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የመጡበትን ቀበሌና የሰማችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ሽማግሌዎቹ እያለቁ ነው፤ ዘንድሮ ጻፉት።